ትማርም፣ ትምራም፦ «መጀመሪያ ትማር» ላሉት ጋሼ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን እኛ ሰሜን ሸዋዎች እጅ በእጅ የምንቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ከደብረ ብርሃንም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም ጓደኞቼ ልከውልኛል። ጸሐፊው ብዙ ዓመት በወረዳ አመራርነት የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ጉዳዬ ከሐሳባቸው ጋር ስለሆነ በአክብሮት ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጽሑፉ ልጃገረዶች በቀበሌና በወረዳ ውሳኔ ላይ ድምፅ ይኑራቸው፣ ከልጅነታቸው መምራትን ይልመዱ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ነው። ጋሼ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ባህላችን አያውቀውም። ልጅቷ መጀመሪያ ትማር፣ ሥልጣን ኋላ ይደርሳል። ኮታ ችሎታን ይገድላል። በ2011 ካቢኔው ግማሽ ሴት ሆኖ ምን ተገኘ? ልጆቹ ራሳቸው ስብሰባ ላይ አይናገሩም። ነገሩ የፈረንጅ አጀንዳ ነው። ደግሞስ ሰላም በሌለበት ጊዜ ይህ ምን ያስቸኩላል?

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ የሴት ተማሪዎች ክበብም አስተባብራለሁ። ጋሼ የጻፉትን የክበባችን ልጆች አንብበውታል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከባህሉ ልጀምር።

ጋሼ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ይህችን ከተማ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የእኚሁ ንጉሥ ዜና መዋዕል ሴት ልጆቻቸውን በየግዛቱ ላይ እንደሾሙ ይናገራል፤ ሸዋም ከእነዚያ ግዛቶች አንዱ ነበር። ከተሾሙት መካከል ኋላ በጣዖት አምልኮ ተከስሰው ክፉኛ የተቀጡ እንዳሉም ያው ዜና መዋዕል ይተርካል፤ ስለዚህ ታሪኩን አሳምሬ ላቀርበው አልፈልግም። ነገር ግን ሴት በዚህ ምድር ላይ ገዥ ሆና አታውቅም ማለት ትክክል አይደለም። የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ንግሥት እሌኒም አሉ። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆነው ሲነግሡ አገሪቱን በሞግዚትነት የመሩት፣ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤና መልእክተኛ የላኩት እሳቸው ናቸው። የውጭ ጉዳይ ውሳኔ ማለት ነው ይህ፤ ያውም ከ500 ዓመት በፊት።

ወደ እኛ ዘመን ጠጋ እንበል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር። ሰላ ድንጋይ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጋሼ ራሳቸው ስንት ጊዜ ለሥራ ሄደውበት ይሆናል።

«እነዚህ የነገሥታት ቤተሰቦች ናቸው፤ ተራዋ ሴት የት ነበረች?» ቢሉኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ርስት ላይ ነው። አያቶቻችን ርስት ሲቆጥሩ በአባትም በእናትም በኩል ነበር። ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ከእናት ከአባቷ ርስት የመካፈል መብት ነበራት። ብዙ ሴት መብቷን ተነጥቃለች፤ አልክድም። መብቱ ግን የታወቀ ነበር። ርስቷን ለማስከበር ዳኛ ፊት የቆመች ሴትም ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረችም። ጋሼ «ሴት ከማጀት፣ ወንድ ከችሎት» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ተረቱ አለ። ችሎት ቆማ የተከራከረችው ሴትም አለች። ባህል ብለን የምንጠራው ሁለቱንም ነው፤ ለልጆቻችን የምናወርሰውን የምንመርጠው ደግሞ እኛ ነን። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ሲሰፍር፣ ፎቷቸው አብሮ ሲለጠፍ፣ ሰማይ አልተደፋም። ጋሼ ያኔ አመራር ላይ ነበሩ። ደብተሩን ራሳቸው ያደሉ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «መጀመሪያ ትማር» የሚለው።

ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም። ብዙ አባቶች እንዲህ ያስባሉ፤ ልጃቸውን ለማስተማር የሚከፍሉትን ዋጋም አውቃለሁ። ግን ጋሼ፣ ልጅቷ እንዳትማር የሚያደርጓት ነገሮች በሙሉ የሚወሰኑት እሷ በሌለችበት ነው። እኔ ከዕለት ሥራዬ የማየው ይህንን ነው።

ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ አንዲት ልጅ እናስብ። ሚኒስትሪ ተፈትና 8ኛን አለፈች። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ወረዳው ከተማ ነው። አባቷ ከሌሎች ሁለት ሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ይከራዩላታል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ አገሯ ትሄዳለች። ቅዳሜ ውሃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ለሳምንት የሚሆን ስንቅ ታዘጋጃለች። እሑድ ማታ በሶዋንና ሽሮዋን ተሸክማ ትመለሳለች። የተከራዩት ክፍል በር ከውስጥ በደንብ አይቆለፍም። አከራዩ ሲፈልግ ኪራይ ይጨምራል፣ ሲፈልግ «ውጡ» ይላል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ከመሸ በኋላ ጨለማ ነው፤ መንገዱ ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቃት፣ ምን እንደሚላት፣ የትኛው ጥግ ላይ እጇን እንደሚይዛት የምታውቀው እሷና ጓደኞቿ ብቻ ናቸው።

ወረዳው በበኩሉ የመንገድ መብራት የት እንደሚተከል ይወስናል። ማደሪያ ይሠራ አይሠራ ይወስናል። የሚቀጥለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየትኛው ቀበሌ እንደሚከፈት ይወስናል። እነዚህን የሚወስኑት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ግን ያንን መንገድ በ15 ዓመታቸው፣ ሴት ሆነው፣ ማታ አልሄዱበትም። ስለዚህ መብራቱ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ይተከላል፤ ልጅቷም መጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ እኛም መዝገብ ላይ «አቋረጠች» ብለን እንጽፋለን። የወሰነችው እሷ ሆና ነው የምትመዘገበው። ሳትማር የቀረችው በማን ውሳኔ ነው ታዲያ?

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ስለ ድጎማ በጀት ውይይት ነበር። ዕቅዱ የግቢውን በር ቀለም መቀባትና የርእሰ መምህሩን ቢሮ ማደስ ነበር። በተማሪዎች ምክር ቤት ተወክላ የገባች የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «የሴቶች ሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም» አለች። «ውሃም የለም። በወር አበባ ጊዜ ሦስት አራት ቀን የምንቀረው ለዚህ ነው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳንዱ አቀረቀረ። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች የሴት ተማሪዎች መቅረት ለምን በዛ ብለው ለወራት ሲወያዩ፣ ደብዳቤ ሲጻጻፉ፣ ወላጅ ሲጠሩ የከረሙ ናቸው። ምክንያቱን ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። የቀለሙ ገንዘብ ወደ መቀርቀሪያ፣ ወደ ውሃ በርሜልና ወደ ሞዴስ መግዣ ዞረ። ለዚህ ያስፈለገው አንዲት ልጅ በትክክለኛው ቀን በትክክለኛው ክፍል መገኘቷ ብቻ ነበር። ያቺ ልጅ ዲግሪ የላትም። ዲግሪ እስክትይዝ ብንጠብቅ ኖሮ የእሷ ጓደኞች ዲግሪ ሊይዙ ቀርቶ 10ኛ ክፍልም ላይደርሱ ይችሉ ነበር።

ስለ ጋብቻም ጋሼ አንድ መስመር ጽፈዋል፤ «ይህ በሕግ የተፈታ ጉዳይ ነው» የሚል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳገቡ አሳይቷል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከክፍል የሚጠፉ ልጆችን እኛ መምህራን እናውቃቸዋለን። ሽምግልና መላኩን መጀመሪያ የሚሰማው ቀበሌው አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም። የልጅቷ የክፍል ጓደኛ ናት። በቀበሌ ደረጃ ይህን ጉዳይ የሚከታተሉት ሰዎች መካከል አንዲት ተማሪ ከሌለች ወሬው የሚደርሳቸው ድግሱ ከተበላ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ውስጥ ሞሰቦ በሚባል ቀበሌ ከብዙ ዓመት በፊት የተሞከረ ነገር አለ። ብርሃነ ሔዋን ይባል ነበር። ልጃገረዶችን በቡድን አደራጀ፣ ከታላላቅ ሴቶች ጋር በቋሚነት አገናኛቸው፣ ማኅበረሰቡን አወያየ፣ ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብም የቤት እንስሳ ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ የታየው ለውጥ ትልቅ ነበር። ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው 3 እጥፍ ሆነ፤ ጋብቻውም በጣም ቀነሰ። እንግዲህ ልብ ይበሉ ጋሼ፤ መሰባሰቡና ድምፅ ማግኘቱ ትምህርቱን አላስተጓጎለም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያቆያቸው አንዱ ነገር እሱ ነው።

ደግሞም መምራት የሚለመድ ነገር ነው። መንዝ ውስጥ የበግ ጸጉር መፍተል የምትለምድ ልጅ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ክሩ እየተበጠሰባት፣ እየቀጠለች ነው የምትለምደው። የክፍል አለቃ ሆና ያላወቀች፣ በሚኒ ሚዲያ ድምፅዋን ያላሰማች፣ ስብሰባ ላይ ተሳስታ ያልታረመች ልጅ በ30 ዓመቷ ድንገት «ነይ፣ የወረዳ ምክትል አስተዳዳሪ ሁኚ» ስትባል ምን ታድርግ? ከዚያ ስትቸገር «አየህ፣ ሴት አትችልም» ይባላል። ወንዱ እኮ ከልጅነቱ ከአባቱ ጎን ሆኖ ሽምግልና ሲሰማ፣ ዕድር ላይ ሲላላክ፣ ቀበሌ በረንዳ ላይ ሲያወጋ ነው ያደገው። ለእሱ ይህ ሁሉ ትምህርት ተቆጥሮለታል። በአገራችን የመምረጫ ዕድሜ 18 ነው፤ ለመመረጥ 21። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ያሉት ልጆቼ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ መራጮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ዕጩ መሆን ይችላሉ። ታዲያ መቼ ይለማመዱ?

ኮታን በተመለከተ ጋሼ የጻፉት ትንሽ አሳዝኖኛል። «በሴትነቷ ብቻ የተሾመች ሴት ለሴቶችም ውርደት ናት» ብለዋል። ጋሼ፣ በወንድነቱ ብቻ የተሾመ ወንድ በየወረዳው አላዩም? ሠላሳ ዓመት አመራር ላይ ሆነው ሲሠሩ፣ አንድ ሰው በዘመድ፣ በአገር ልጅነት ወይም በድርጅት ታማኝነት ሲሾም «ችሎታው ይመዘን» ብሎ የጻፈ ሰው ስንቱን አነበቡ? የችሎታ ጥያቄ ሴት ስትመጣ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ጥያቄው ስለ ችሎታ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው የበታችነትና የልዩነት ቅርስ ታስቦ ድጋፍ እንዲደረግላቸው መብት ሰጥቷል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ሴቶች በልማት ፖሊሲዎች ዕቅድና በፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም፣ በተለይ ጥቅማቸውን በሚነኩት ላይ፣ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት አላቸው። ይህ ችሮታ አይደለም፤ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው።

ኮታ ይሠራል ወይ ለሚለው ደግሞ የሌላ አገር ልምድ ልጥቀስ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የመንደር ምክር ቤት መሪነት አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲያዝ አደረገች። የትኛው መንደር በሴት እንደሚመራ በዕጣ መሰል መንገድ ስለሚወሰን ለጥናት የሚመች ሆነ። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው ምዕራብ ቤንጋል ላይ አጠኑት። ሴት የመራቻቸው መንደሮች ሴቶች አጥብቀው ለሚጠይቁት ነገር፣ በተለይም ለመጠጥ ውሃ፣ የበለጠ ገንዘብ አወጡ። ሌላው ውጤት ግን እኔን እንደ መምህርት ይበልጥ ይነካኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት በ495 መንደሮች ውስጥ ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቋል። መሪነቱ ሁለት ተከታታይ ዙር ለሴት በተያዘባቸው መንደሮች ወላጆች ለሴት ልጃቸው ያላቸው ምኞት ለወንዱ ወደሚመኙት ተጠጋ። የልጆቹ የራሳቸው ምኞትም እንደዚሁ። በሴትና በወንድ ልጆች መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነት ጠፋ፤ ሴቶቹ በቤት ሥራ ላይ የሚያጠፉት ጊዜም ቀነሰ።

ይህንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት ብል አላጋነንኩም። ማንም አዲስ ትምህርት ቤት አልሠራላቸውም። ያዩት አንድ ነገር ነው፤ መንደራቸውን የምትመራ ሴት። ጋሼ «መጀመሪያ ትማር፣ ኋላ ትምራ» ይላሉ። እዚያ የሆነው ግን ሴቶች ሲመሩ ልጆቹ መማራቸው ነው።

አሁን የጋሼን ጠንካራውን ነጥብ ልውሰድ፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴት ሆኑ። መከላከያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት መራችው። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሆኑ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ተባሉ። ከዚያ በፊትም በ2007 ምርጫ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 212ቱን ሴቶች ይዘው ነበር። «ታዲያ ግሼ ወይም ኤፍራታ ያለችው ልጅ ምን አገኘች?» ብለው ጠይቀዋል ጋሼ።

ጥያቄው ልክ ነው። በ2011 በሹመቱ ቀን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ያጨበጨቡ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ተድረዋል። በ2014 የተዋቀረው ካቢኔ ግማሽ በግማሽ አልሆነም። ርእሰ ብሔርነቱም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንበርም ወደ ወንድ ተመልሷል። ከላይ በአንድ ሰው ፈቃድ የተሰጠ ወንበር ከላይ በአንድ ሰው ፈቃድ ይነሳል።

ግን ጋሼ ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ይቅር» ማለታቸው አልገባኝም። እኔ ከዚሁ ነገር ተቃራኒውን ነው የማየው። ከላይ ብቻ ስለተጀመረ ነው ያልጸናው። አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ሲሆን የቀበሌ ካቢኔ ስንት ሴት ነበረው? ብዙውን ጊዜ አንዲት፤ እሷም የሴቶች ጉዳይ። መሬት፣ ጸጥታ፣ ፋይናንስ ላይ ስንቷ ተቀመጠች? የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ሴት ካለች ወይ ገንዘብ ያዥ ናት፣ ወይ ስሟ አለ እሷ የለችም። ውሃውን ከምንጭ እስከ ቤት በጀርባዋ የምታመላልሰው እሷ ሆና፣ ቦኖው የት ይተከል ሲባል ግን ባሏ ይጠየቃል። ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አትቆጠርም፤ ለሴቶች ስብሰባ ልጅ ናት፣ ለወጣቶች ስብሰባ ሴት ናት። ሁለቱም ጋ ቦታ የላትም።

«አይናገሩም» ስለሚለው። ይህን በዓይኔ ስላየሁት ዝም ብዬ አላልፈውም። የቀበሌ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ ሰንበት ወይም በዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይጠራል። ሰዓቱ ልጃገረዶች ውሃ የሚወርዱበት፣ ምሳ የሚያቀርቡበት ነው። የመጡት ዳር ይቀመጣሉ። ሽማግሌዎች በቅድሚያ ይናገራሉ፣ ካህናት ይናገራሉ፣ አባወራ ይናገራል። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሰዉ ጋቢውን እየሰበሰበ ሲነሳ፣ አወያዩ «ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። በዚያ ሰዓት ምን ይበሉ? አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አባቷ፣ አጎቷና የንስሐ አባቷ በተቀመጡበት ተነስታ የእነሱን ሐሳብ እንድትቃወም መጠበቅ ፈተና መስጠት ነው። ስትወድቅ ደግሞ «አትፈልግም» ይባላል።

እኛ በክበባችን የተማርነው ቀላል ነገር ነው። ልጆቹ ለብቻቸው አስቀድመው ይወያያሉ። ጥያቄያቸውን በወረቀት ይጽፋሉ። ስብሰባ ላይ አንዷ ብቻዋን አትሄድም፣ ሁለት ይሆናሉ። ከአወያዩ ጋር ቀድመን ተነጋግረን መጀመሪያ ላይ፣ ሰዉ ሳይደክም፣ ዕድል ይሰጣቸዋል። ጥያቄያቸው ምን ሆነ የሚለውን ለማወቅም ቀን ይቆረጣል። ይህ ሲደረግ ዝም ያለች ልጅ አላየሁም። ያስቸገረን ማስቆሙ ነው። ስለ ወፍጮ ቤት ርቀት ይናገራሉ፣ ስለ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ግልምጫ ይናገራሉ፣ ስለ ተፈናቃይ ጓደኞቻቸው የትምህርት ማስረጃ መጥፋት ይናገራሉ። አንዳንዱን ነገር እኔ ራሴ፣ በየቀኑ አብሬያቸው እየዋልኩ፣ ከእነሱ አፍ ነው የሰማሁት።

የፈረንጅ አጀንዳ የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። የኢትዮጵያ ሴት የመምረጥና የመመረጥ መብቷ በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው የታወቀላት። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት፣ ተወዳድረው ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዝዳንትም ሆኑ። ለማነጻጸር ያህል፣ ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ወይዘሮ ስንዱ የተማሩባት ስዊዘርላንድ! ታዲያ ማን ከማን ቀዳ? ጥቅምት 1 ቀን የሚከበረው ዓለም አቀፍ የልጃገረዶች ቀን ከውጭ መጣ ቢሉኝ እሺ። በዕለቱ ቲሸርት ታድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ልጆቹ ግጥም አንብበው የሚበተኑ ከሆነም ቅር ይለኛል። እሱ ላይ አብረን እንጻፍ ጋሼ።

የመጨረሻው ነጥባቸው ሰላም ነው። እዚህ ላይ ቃላት እመርጣለሁ፤ ሁላችንም ቤት ኀዘን አለና። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ምን እንደደረሰ አላወራም። አጣዬ ምን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወንዱም ሴቷም ቤት ዋሉ፤ ሲከፈቱ ግን ብዙዎቹ ሴቶች አልተመለሱም። አንዳንዷ ተድራለች፣ አንዳንዷ ወደ አዲስ አበባ ለሰው ቤት ሥራ ሄዳለች፣ አንዳንዷ ዓረብ አገር። ደብረ ብርሃን መጠለያ ያሉ ልጆች ሽንት ቤቱ ከመኝታቸው ርቆ ሲሠራ፣ ዕርዳታ በአባወራ ስም ብቻ ሲመዘገብ፣ ማታ ማታ የሚሆነውን እነሱ ናቸው የሚኖሩት። ሰላም እስኪመጣ ቆዩ ማለት ጉዳቱ ከሁሉ በላይ የደረሰባቸውን ሰዎች ከሁሉ በኋላ መስማት ነው። ደግሞ ሰላሙስ ሲመጣ ማን ተቀምጦ ነው የሚመክረው? እርቅ ላይ፣ መልሶ ግንባታ ላይ፣ የትኛው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ይጠገን በሚለው ላይ እነዚህ ልጆች ዛሬ ካልተጠየቁ ያኔም አይጠየቁም።

ጋሼ ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ «ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ? መፈክር አልፈልግም» ብለዋል። በዚህ ተስማምተናል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ ምክር ቤት በጀት ከማጽደቁ በፊት፣ ዕቅዱ ገና በረቂቅ እያለ፣ የትምህርት፣ የውሃና የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካሉ ሴት ተማሪዎች ተወካዮች ጋር ግማሽ ቀን ይቀመጡ። ተወካዮቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጧቸው፤ ርእሰ መምህሩ ጎበዝ ብሎ የመረጣቸው ልጆች ብቻ እንዳይሆኑ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት የግድ ይኑሩበት። የጠየቁት ተጽፎ ይያዝ፤ የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው ለምን እንዳልተቻለ ትምህርት ሲጀመር ተመልሶ ይነገራቸው። በወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት ተማሪ ቋሚ ድምፅ ይኑራት። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ትልቅ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና ለማዳመጥ ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ኃላፊዎች ይበቃሉ።

ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ ቢወጡም ወረዳው ውስጥ ቃልዎ ይሰማል። የዛሬዎቹን ኃላፊዎች ብዙዎቹን ያሠለጠኗቸው እርስዎ ነዎት፤ ስልክ ቢደውሉ ያነሳሉ። ይህንን ግማሽ ቀን እንዲፈቅዱልን ይጠይቁልን። ካላመኑኝ ደግሞ መጀመሪያ ይምጡና ራስዎ ይስሙ። ክበባችን ዓርብ ከሰዓት፣ የገጠሮቹ ልጆች ወደ አገራቸው ከመነሳታቸው በፊት ይሰበሰባል። የጽሑፍዎን ነጥቦች አንድ በአንድ አውጥተው ሊጠይቁዎት ተዘጋጅተዋል፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ከወዲሁ ልንገርዎ፦ የመንገድ መብራቱ የት እንዲተከል የወሰነው ማን ነው? ማንንስ ጠይቆ?